የፌስታል እገዳና የሐበሻ ሱቅ፦ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ላሉ ባለሱቆች የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂንያ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ሌላም የአገር ቤት ሸቀጥ ለሚሸጡ ባለሱቆች የተዘጋጀ ነው። በነዚህ ቦታዎች ለደንበኛ በነጻ ፌስታል መስጠት አንድም ተከልክሏል፣ አንድም ክፍያ ተጥሎበታል። ሕጉ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በጆርጂያ ጎዳና ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዲሲ የሚወርድ ሰው የኢስተርን ጎዳናን በተሻገረ ቅጽበት ከአንዱ ሕግ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ሕግ የሚከታተልላቸውና ሠራተኛ የሚያሠለጥንላቸው ክፍል ስላላቸው ለውጡን ብዙም ሳይቸገሩ ያልፉታል። ባልና ሚስት ከአንድ የእኅት ልጅ ጋር ሆነው በሚያንቀሳቅሱት ሱቅ ግን ሕጉን የሚያነበው፣ ከረጢቱን የሚመርጠው፣ የሒሳብ ማሽኑን የሚያስተካክለውና ለደንበኛው የሚያስረዳው ያው አንድ ሰው ነው። መመሪያው የተጻፈው ለዚያ ሰው ነው። እኔም በእንዲህ ያለ ሱቅ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ለዓመታት ቆሜያለሁ፤ ትልቁ ችግር ከሳንቲሙ ይልቅ ይሉኝታው መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው።

1. የሱቅዎ በር በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ ያረጋግጡ

በፖስታ አድራሻ ብቻ አይመሩ። ለምሳሌ በቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ያሉ ብዙ ሱቆች አድራሻቸው «ፎልስ ቸርች» ይላል እንጂ የሚተዳደሩት በፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ትክክለኛውን መልስ የሚያገኙት ከንግድ ፈቃድዎ ላይ ወይም የንብረት ግብር ከሚከፈልበት ካውንቲ ነው። አስተዳደሩን ካወቁ በኋላ ከሚከተሉት የትኛው እንደሚመለከትዎ ይለዩ።

በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ጀምሮ ምግብ ወይም የአልኮል መጠጥ የሚሸጥ ማንኛውም ንግድ ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ የፕላስቲክም ሆነ የወረቀት መያዣ 5 ሳንቲም ማስከፈል አለበት። ከዚህ ውስጥ 1 ሳንቲም ለባለሱቁ ይቀራል፤ የራሱን ቦርሳ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ቢያንስ 5 ሳንቲም የሚቀንስ ሱቅ ደግሞ 2 ሳንቲም ያስቀራል። የተረፈው ገንዘብ የአናኮስትያን ወንዝ ለማጽዳት ለተቋቋመው ፈንድ ይገባል። ሕጉን ተላልፎ የተገኘ ሱቅ በዓመቱ ውስጥ ጥፋቱ በተደጋገመ ቁጥር ቅጣቱ ከ100 ወደ 200፣ ከዚያም ወደ 500 ዶላር ያድግበታል።

በሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ማለትም ሲልቨር ስፕሪንግን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የ5 ሳንቲም ክፍያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በእገዳ ተተክቷል። ዕቃ የሚያዝበት ፌስታል በክፍያም ቢሆን አይሰጥም። የወረቀት ከረጢት 10 ሳንቲም ይከፈልበታል፤ ግማሹ ለሱቁ ይቀራል። በስናፕ ወይም በዊክ የምግብ ድጋፍ የሚገዙ ደንበኞች ይህን ክፍያ አይከፍሉም። ሕጉ ከምግብ ሱቅ አልፎ ልብስና ሌላ ሸቀጥ የሚሸጡትንም ስለሚመለከት የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የሚሸጡ መደብሮችም ሊያውቁት ይገባል።

በፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ ፌስታል የታገደው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ነው። እዚያ የወረቀት ከረጢት ዋጋ ከ10 ሳንቲም አያንስም፤ ገንዘቡም በሙሉ ለባለሱቁ ይቀራል።

በቨርጂንያ በኩል በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድርያና በፌርፋክስ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራው እገዳ ሳይሆን ግብር ነው፤ በምግብ ሱቆች፣ በትናንሽ ኪዮስኮችና በመድኃኒት ቤቶች ለሚሰጥ ለእያንዳንዱ ፌስታል 5 ሳንቲም ይከፈላል፣ 1 ሳንቲም ለሱቁ ይቀራል። የወረቀት ከረጢት በዚህ ግብር ውስጥ አይገባም።

ሁለት ሱቅ፣ አንዱን በዲሲ ሌላውን በሲልቨር ስፕሪንግ፣ የያዘ ሰው ሁለቱን በአንድ ዓይነት አሠራር መምራት ከፈለገ ጥብቅ የሆነውን የሞንጎመሪን ደንብ መሠረት አድርጎ በሁለቱም ፌስታሉን ቢያስቀር ይሻላል፤ ክፍያውን ግን በየቦታው ሕግ ለየብቻ ማስላት ግዴታው ነው። ሠራተኛን «እዚህ ይፈቀዳል፣ እዚያ ይከለከላል» እያሉ በየቀኑ ከማደናገር ይህ ይቀላል።

2. በሱቁ ውስጥ ያለውን ከረጢት ሁሉ አውጥተው ይለዩ

አንድ ምሽት ሱቁ ከተዘጋ በኋላ በመደርደሪያውም ሆነ በጓዳው ያለውን ማንኛውንም ከረጢት አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉና በሁለት ይክፈሉት። የመጀመሪያው ክፍል ደንበኛው ሒሳብ ከከፈለ በኋላ ዕቃውን ይዞ የሚወጣበት፣ ጆሮ ያለው መያዣ ነው፤ እገዳውና ክፍያው የሚመለከተው እሱን ነው። ሁለተኛው ክፍል ምርቱ ራሱ የታሸገበት ወይም በሱቁ ውስጥ የሚቋጠርበት ነው፤ ሥጋ የሚጠቀለልበት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚገባበት፣ ምስርና አተር ከጆንያ ተቀድቶ የሚመዘንበት ስስ ላስቲክ በነዚህ ሕጎች አይነካም። ከመጋገሪያው ታሽጎ የመጣ እንጀራም፣ በኪሎ ታሽጎ የተቀመጠ በርበሬና ሽሮም እንዲሁ የምርቱ ማሸጊያ ስለሆነ አይከለከልም።

ብዙ ባለሱቆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ፈርቶ የሥጋውን ላስቲክ ሁሉ ያስቀራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ያንኑ የሥጋ ላስቲክ በትልቁ አስገዝቶ እንደ መያዣ ይሰጣል። የመጀመሪያው በንጽሕና ላይ ችግር ያመጣል፤ ጥሬ ሥጋ ያለ ላስቲክ ከእንጀራ ጋር በአንድ ከረጢት መግባት የለበትም። ሁለተኛው ደግሞ ሕጉን መሸሽ ስለሆነ ለቅጣት ይዳርጋል።

ወፈር ያለ ፕላስቲክ «ደጋግሞ የሚያገለግል ነው» ብሎ የሚያቀርብልዎት አከፋፋይ ካለም ጠንቀቅ ይበሉ። ካሊፎርንያ እ.ኤ.አ. በ2016 በሕዝብ ድምፅ ያጸናችው ሕግ ወፍራሙን ፕላስቲክ በ10 ሳንቲም እንዲሸጥ ፈቅዶ ነበር፤ ሰው ግን እንደ ስሱ ፌስታል አንዴ ይዞት እየጣለው ስላስቸገረ ግዛቲቱ እሱንም እ.ኤ.አ. ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ከልክላዋለች። በቨርጂንያ ውፍረቱ ቢያንስ 4 ሚል (ሚል የኢንች አንድ ሺህኛ ነው) የሆነና ለተደጋጋሚ አገልግሎት የተሠራ ባለጆሮ ከረጢት ከግብሩ ነጻ ነው፤ ያንን አይተው ግን በሜሪላንድ ላለው ሱቅዎ አይግዙ። ጆሮው የተሰፋ የጨርቅ ቦርሳ ከያዙ በየትኛውም ቦታ አያስጠይቅዎትም።

3. ከረጢቱን ከመግዛትዎ በፊት በእንጀራ ይፈትኑት

በአሜሪካ የሚሸጡት የወረቀት ከረጢቶች አብዛኞቹ ለፈረንጅ ሸቀጥ ልክ የተሠሩ፣ ቁመታቸው ረዘም ያለና መቀመጫቸው ጠበብ ያለ ነው። አሥር እንጀራ የያዘ ጥቅል በእንዲህ ያለ ከረጢት ውስጥ አይዘረጋም፤ በጎኑ ቆሞ ይገባል፣ ከላይ ሽሮና ቡና ሲጫንበት ደግሞ ታጥፎ ዓይኑ ይጫጫናል፣ ደንበኛው ቤቱ ደርሶ ሲገልጠው የላይኛው ከታችኛው ተጣብቆ ያገኘዋል። በዚያ ላይ ጠዋት ትኩሱን የመጣ እንጀራ በላስቲኩ ላይ ስለሚያልበው የከረጢቱ ወረቀት ከታች ይርሳል።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ሁለት ጥቅል እንጀራ፣ አንድ ኪሎ በርበሬና አንድ ጠርሙስ ንጥር ቅቤ ገዝተው በአንድ የወረቀት ከረጢት አስገባንላቸው። መኪናቸው ጋ ሳይደርሱ የከረጢቱ መቀመጫ ተቀደደ፤ ጠርሙሱ አስፋልቱ ላይ ተሰባበረ፣ ቅቤው በእንጀራው ላይ ፈሰሰ። እናትየው ምንም አልተናገሩም፤ ጎንበስ ብለው ስባሪውን በእጃቸው ሊለቅሙ ሲጀምሩ ሮጬ አስቆምኳቸው። ቅቤውንም እንጀራውንም በሌላ ተካንላቸው። ጥፋቱ ግን የወረቀቱ ሳይሆን ከረጢቱን በዋጋው ብቻ የመረጥነው የእኛ ነበር።

ስለዚህ ከአከፋፋዩ ሙሉ ካርቶን ከማዘዝዎ በፊት ከሦስትና አራት ዓይነት ሁለት ሁለት ናሙና ይጠይቁ። ሁለት የእንጀራ ጥቅል በተኛበት የሚቀበል፣ መቀመጫው ሰፊ የሆነ ከረጢት ይፈልጉ፤ ለምግብ ቤቶች ትሪና የፒዛ ካርቶን ተብሎ የሚሠራው ሰፊው ዓይነት ለዚህ ይስማማል። ከዚያም ሁለት እንጀራ፣ አንድ ኪሎ በርበሬ፣ አንድ ጠርሙስና አንድ እሽግ ቡና አስገብተው ጆሮውን ይዘው በሱቁ ውስጥ አምስት ደቂቃ ይዙሩ፤ ጆሮው ከተላቀቀ ወይም መቀመጫው ካበጠ ይተዉት። ትኩስ እንጀራን በሚመለከት ከመጋገሪያው እንደመጣ ጥቅሉን ሳይደራርቡ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ዘርግተው ያቀዝቅዙት፤ ላቡ ከደረቀ የወረቀቱ ችግር በግማሽ ይቀንሳል። ጤፍ በትልቁ ጆንያ ለሚገዛ ሰው ከረጢት አያስፈልገውም፤ ተሸክሞ መኪናው ድረስ የሚያደርስለት ሠራተኛ ይበቃዋል።

በዲሲ ውስጥ ሱቅ ላላቸው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሚሰጡት መያዣ፣ ፕላስቲክም ሆነ ወረቀት፣ ተመልሶ መመረት የሚችልና ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበት መሆን አለበት፤ ስለዚህ ካርቶኑን ሲረከቡ አንዱን አውጥተው ጽሑፉን ያንብቡ።

4. ወጪዎን በእርሳስ ያስሉ

ባለሱቆች «ይህ ሕግ ያከስረናል» ሲሉ እሰማለሁ፤ ሐቅ አለው፣ ሆኖም የሚያከስረው አሠራሩን ያልለወጠውን ነው። ቁጥሩ ለማሳያ ብቻ ይሁንና ፌስታል አንዱ በ3 ሳንቲም፣ የወረቀት ከረጢት አንዱ በ20 ሳንቲም ይገዛል እንበል፤ ሱቁም በወር 1,000 መያዣ ይሰጥ ነበር እንበል። በሞንጎመሪ በድሮው ሕግ ፌስታሉ 30 ዶላር ያስወጣል፣ በየአንዱ የሚቀረው 1 ሳንቲም 10 ዶላር ያስገባል፣ የወሩ ወጪ 20 ዶላር ይሆናል። በአዲሱ ሕግ ያው 1,000 ደንበኛ ሁሉ ወረቀት ቢወስድ ከረጢቱ 200 ዶላር ያስወጣል፣ የሱቁ ድርሻ 50 ዶላር ነው፣ ወጪው 150 ዶላር ይደርሳል። ደንበኞቹ ቦርሳ ይዘው መምጣት ለምደው ወረቀት የሚወስዱት 250 ብቻ ቢሆኑ ግን ወጪው 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ወደ 100 ቢወርዱ 15 ዶላር ብቻ ስለሚሆን ከድሮውም ያንሳል። የራስዎን ቁጥር በዚሁ መንገድ አስገብተው ይሥሩት። ሒሳቡ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ሱቁን የሚያድነው ርካሽ ወረቀት ማግኘት ሳይሆን ደንበኛው ቦርሳ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው።

ቦታንም አይርሱ። አንድ ሺህ ፌስታል በመሳቢያ ውስጥ ይገባ ነበር፤ አንድ ሺህ የወረቀት ከረጢት ግን የጓዳውን አንድ ግድግዳ ይይዛል፣ እርጥበትና አይጥም ይጠላል። ከወለሉ አንሥተው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት።

5. የሒሳብ ማሽኑንና መዝገቡን ያስተካክሉ

በማሽኑ ላይ «ከረጢት» የሚል ለብቻው የሆነ ቁልፍ ያስከፍቱ። ይህ ቁልፍ ሲነካ ክፍያው ከዕቃው ዋጋ ተለይቶ ከነብዛቱ በደረሰኙ ላይ መታየት አለበት፤ የዲሲው ክፍያ የሽያጭ ታክስ ስለማይታሰብበት ቁልፉ ታክስ እንዳይጨምር ሆኖ መስተካከሉንም ያረጋግጡ። ከዚህ የሚሰበሰበው የመንግሥት ድርሻ የሱቁ ገቢ አይደለም፤ ለጊዜው በእጅዎ ያለ የሰው ገንዘብ ስለሆነ በየሳምንቱ ቆጥረው በመዝገብ ለብቻ ያስፍሩት። በቨርጂንያ ግብሩ ለግዛቱ የታክስ መሥሪያ ቤት በየወሩ ይገለጻል፤ ያለፈው ወር ሒሳብ እስከ ቀጣዩ ወር 20ኛ ቀን መድረስ አለበት። የሒሳብ ባለሙያ ካለዎት አሠራሩ በተለወጠበት ወር ራስዎ ደውለው ይንገሩት፤ ሳይነገረው በድሮው ስሌት ሲያሳውቅ ቆይቶ በኋላ ውዝፍ የተጠየቀ ሱቅ አውቃለሁ።

6. ከረጢቱን ከማንሣትዎ በፊት ይጠይቁ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሥራ ይህ ነው። በሐበሻ ሱቅ ገዢና ሻጭ አይተዋወቁም ማለት ይከብዳል፤ ደንበኛው የቤተ ክርስቲያን ወንድም፣ የልጅ ክርስትና እናት ወይም የሰፈር ሽማግሌ ነው። የ60 ዶላር ዕቃ ለገዛ ሰው «አሥር ሳንቲም ይጨምሩ» ማለት ስለሚያሳፍር ሠራተኛው ዝም ብሎ በነጻ ይሰጣል፣ ወይም «ለእርስዎማ አናስከፍልም» ይላል። በዲሲ ሕግ ባለሱቁ ክፍያውን ለደንበኛው እንደሚሸፍን መናገርም ሆነ ማስተዋወቅ አይችልም። ደግነት ማሳየት ከፈለጉ በሌላ ነገር ያሳዩ፤ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም አንድ ሎሚ ይመርቁ።

የይሉኝታውን ቋጠሮ የሚፈታው የጥያቄው ቦታ ነው። ዕቃው ሁሉ ከረጢት ውስጥ ከገባ በኋላ «ለከረጢቱ ደግሞ 10 ሳንቲም» ቢባል ደንበኛው የተታለለ ይመስለዋል። ሠራተኛው የመጀመሪያውን ዕቃ ሲያነሣ ገና «እናቴ፣ ቦርሳ ይዘዋል?» ብሎ ይጠይቅ። ካልያዙ «የወረቀት በ10 ሳንቲም ልስጥዎት ወይስ እንዲሁ ይይዙታል?» ይበል። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። «መንግሥት ነው ያመጣብን» እያሉ ማማረርም ሆነ ስለ አካባቢ ጥበቃ ትምህርት መስጠት ወረፋውን ከማስረዘም በቀር ጥቅም የለውም። ሽማግሌ ደንበኛ «በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም» ቢሉ ግን በአክብሮት የሚመለስ መልስ አለ፤ በኢትዮጵያም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን በሰፊው የሚያግድ አዋጅ አጽድቋል።

በሞንጎመሪ በምግብ ድጋፍ ካርድ የሚከፍል ደንበኛ ሲመጣ ሠራተኛው የ10 ሳንቲሙን ቁልፍ ሳይነካ ዝም ብሎ ከረጢቱን ይስጥ። «ፉድ ስታምፕ ነው፣ አያስከፍልም» ብሎ በወረፋው ፊት ጮክ ብሎ መናገር ሰውን ማዋረድ ነው፤ ይህን ሠራተኛን በሚያሠለጥኑበት ቀን በግልጽ ይንገሩ።

በአማርኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ይለጥፉ፤ ነገር ግን የማስታወቂያው ትክክለኛ ቦታ የሱቁ መግቢያ ሳይሆን የመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው፤ ሰው ቦርሳውን የረሳው መኪናው ውስጥ ነውና ገና ከመኪናው ሳይርቅ ሊያነበው ይገባል።

7. ቦርሳ የሚገኝበትን መንገድ ያብጁ

ጠንካራ የጨርቅ ቦርሳ ወይም ከአገር ቤት የመጣ ዘንቢል በመነሻ ዋጋው በሒሳብ መቀበያው አጠገብ ያስቀምጡ። ዘንቢል መቀመጫው ሰፊና ጎኑ የማይታጠፍ ስለሆነ እንጀራን ከየትኛውም የወረቀት ከረጢት አሳምሮ ይይዛል፤ ይህን ደንበኞች በአንድ ጊዜ ይረዱታል። በሩ አጠገብ ደግሞ ትርፍ የጨርቅ ቦርሳ ያለው ሰው የሚያስቀምጥበት፣ የረሳ የሚያነሣበት ሳጥን ይኑር፤ የገቡትን በየሳምንቱ አጥበው ይመልሱ። ሸቀጥ የመጣባቸው ባዶ ካርቶኖችም በነጻ የሚወሰዱ ስለሆኑ አጣጥፈው ከመጣልዎ በፊት ሰፋ ሰፋ ያሉትን ለይተው በሒሳብ መቀበያው ሥር ያስቀምጡ። ጥሬ ሥጋ የሚገዛ ደንበኛ በጨርቅ ቦርሳ ሲይዝ ሥጋው በላስቲክ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ለብቻው መሆኑን ሠራተኛው ያረጋግጥ።

8. ለበዓል ሰሞን ለብቻው ይዘጋጁ

ለፋሲካ፣ ለገናና ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ወረፋው በር ድረስ ሲደርስ ሠራተኛው ጥያቄውን ይረሳል፣ ከረጢቱም ያልቃል፣ ያኔ ከጓዳ የቀረ አሮጌ ፌስታል ፈልጎ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ አሮጌውን ክምችት እገዳው ከመጀመሩ በፊት ለቆሻሻ መጣያ ማልበሻ ለራስዎ ቤት ይውሰዱት ወይም ለአከፋፋዩ ይመልሱት፤ በሱቁ ውስጥ አንድም አይቅር። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ለእያንዳንዱ ገዢ በደረሰኙ ላይ «ለበዓሉ ቦርሳዎን ይዘው ይምጡ» የሚል መስመር እንዲታተም ያድርጉ፤ የዋዜማው ዕለት ደግሞ አንድ ወጣት ከወረፋው መጨረሻ ጀምሮ እየዞረ ቦርሳ ያልያዘውን እየጠየቀ ካርቶን ወይም ዘንቢል ያቀብል። ማታ ሱቁ ሲዘጋ የቀሩትን ከረጢቶች ቆጥረው በማሽኑ ላይ ከተመዘገበው ብዛት ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነት ከተገኘ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብለው የትኛው ሰዓት ላይ ሳይጠየቅ እንደተሰጠ ይነጋገሩ።